ጫቃ ዳር ያለች መንደርና አንድ ሬሳ፦ ወሎ ላይ የምስጢር ልቦለድ ለመጻፍ ላሰባችሁ

ፖሊስ ያልሆነ ተራ ሰው ገዳይ ፈልጎ የሚያገኝበትን ልቦለድ መጻፍ የምትፈልጉ፣ በተለይ ታሪኩን ወሎ ውስጥ ደን ዳር ባለች ሩቅ መንደር ላይ ልታደርጉት ያሰባችሁ፣ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔ ይሄን ዓይነት ታሪክ በጣም እወዳለሁ። ወሎም ለዚህ የተፈጠረ አገር ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከተማ ውስጥ ገዳይ የሚደበቀው ጎረቤት ከጎረቤት ስለማይተዋወቅ ነው። ገጠር ላይ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን በሬ የማንን ማሳ እንደረገጠ፣ ለማን ከሳዑዲ ብር እንደተላከለትና ብሩን ማን እንደበላው፣ ሁሉም ይታወቃል። ስለዚህ መንደሩ ውስጥ እውቀት ሞልቷል። ሁሉም ቁራጭ ቁራጩን ይዟል። ማንም ግን አይናገርም። የመርማሪያችሁ ሥራ ያንን ዝምታ መክፈት ነው፤ ከከፈተችው በኋላም እዚያው መንደር ውስጥ ውሃ መቅዳት፣ ለቅሶ መድረስ፣ ቡና መጠራት አለባት። ይህን ካልያዛችሁ ጫቃውም ጉሙም ጅቡም ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ጫቃው የቱ ነው?

«ደን» ብላችሁ አትለፉት። ወሎ ውስጥ ደን ከደን ይለያል። የጎፍ ደን ኮምቦልቻን ከላይ ሆኖ የሚያይ ነው፤ ከተማው እግሩ ሥር ስለሆነ ገዳዩ ማምለጫ፣ እንጨቱም ገዢ አያጣም። ደንቆሮ ጫቃ ደግሞ ደቡብ ወሎ፣ ቦረናና ሳይንት በኩል ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ከላሊበላ በላይ ወዳለው አቡነ ዮሴፍ ከወጣችሁ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የምታገኙት ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሳይሆን አስታ፣ ጅብራና ጓሳ ነው። ሬሳ ለመደበቅ አይመችም፤ ከሩቅ ለመታየት ግን ይመቻል።

የኔ ምክር፦ መልክዓ ምድሩ እውነተኛ ይሁን፣ መንደሩን ፍጠሩት። የእውነት ቀበሌ ስም ከጠራችሁ አንባቢው «ይሄ የእገሌ ቤት ነው» ማለቱ አይቀርም። ያልገደለ ሰው ነፍሰ ገዳይ ይባላል። ዛፉን ግን አትፍጠሩ። ቆላው ላይ ግራር፣ ወይና ደጋው ላይ ወይራና ብሳና፣ ከፍ ሲል ጽድ፣ ከዚያ ኮሶ፣ ከዚያም አስታ። ኮሶ ዛፍ ሥር የሞተ ሰውና ግራር ሥር የሞተ ሰው የተለያየ ልብስ ነው የሚለብሱት። አንዱ ጋቢ ደርቦ ነው የሚሞተው።

ወቅቱንም ቁረጡ። ለእንዲህ ያለ ታሪክ ክረምትን የሚያክል የለም። ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጣል፣ የወረዳ ፖሊስ ማዶ ቆሞ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ጉሙ ደግሞ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ጠዋት ላይ መንደሩን ሲሞላው ሰው የራሱን በር ያጣዋል። ሌላም ምርጫ አለ፤ ወሎ ደጋው በልግ ያርሳል። በልግ ከቀረ መንደሩ ሁሉ ይከፋዋል፣ ብድር ይበዛል፣ ጥል ይበዛል። ድርቅን ግን የወሎ ብቸኛ መልክ አድርጋችሁ አታምጡት። አገሩ በዚህ ብቻ ሲሳል ኖሯል፤ ይበቃዋል።

ስልክ አለ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን እየጻፋችሁ ስልክ የለም ብትሉ ማንም አያምናችሁም። ኔትወርክ ግን ብዙ ቦታ የሚገኘው አንድ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። ይሄ ለእናንተ በረከት ነው። ሰውዬው ማታ ከደሴ ስልክ ተደወለልኝ ካለ፣ ማታ ጉብታው ላይ ነበር ማለት ነው። ቤቴ ተኝቼ ነበር ማለት አይችልም።

ሰዓት በሰዓት አይለካም

የምስጢር ልቦለድ የሚቆመው በሰዓት ነው። ማን መቼ የት ነበር? ገጠር ላይ ግን ማንም «ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20» አይልም። «ከብት ሲገባ»፣ «መግሪብ ተሰግዶ»፣ «ዶሮ ሳይጮኽ»፣ «ቅዳሴ ሲወጣ» ነው የሚለው። ወሎ መንደር ውስጥ አዛኑም ደወሉም ይሰማል፤ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ራሱ ሙስሊምና ክርስቲያን አለ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰዓት አላችሁ፤ አንዱ ምስክር በሶላት፣ ሌላው በቅዳሴ ይቆጥራል። የሁለቱ ቃል የሚጋጭ መስሎ ቆይቶ በኋላ ሲገጥም፣ ወይም የሚገጥም መስሎ ሲጋጭ፣ ያ ነው ጣፋጩ ቦታ።

ከሁሉም የሚበልጠው ሰዓት ግን ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስቱ እስኪጠጡ ስንት እንደሚፈጅ ወሎዬ ሁሉ በሆዱ ያውቀዋል። ቡና ከተፈላበት ቤት ሰው ሲገባም ሲወጣም ይታያል። በረካ ሳይጠጣ፣ ዱዓ ሳይደረግ የተነሳ ሰው ደግሞ ይታወሳል። ከዚህ የተሻለ የምስክር መዝገብ የት ይገኛል?

የገበያ ቀንም አለ። መንደሩ ግማሹ ባዶ የሚሆንበት ቀን ነው። ባቲ ሰኞ እንደሚቆመው ሁሉ ለመንደራችሁ ቅርብ የሆነ ገበያ ቀን ስጡና አጥብቃችሁ ያዙት፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ ማክሰኞ የነበረው ገበያ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ሐሙስ ከሆነ አለቀላችሁ።

ማን ይመርምር?

አጉሊ መነጽር የያዘ፣ ካፖርት የለበሰ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ብልህ ሰው አታምጡብኝ። መንደሩ ለእንግዳ ጥሩ መደብ ያነጥፍለታል፣ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ አንዲት ቃል ግን አይሰጠውም።

እኔ የምመርጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው አሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸው ቤት ለቤት መዞር ነው። የየቤተሰቡን ማህደር ትይዛለች። ማን እንዳረገዘች፣ ማን ክትባት እንዳልወሰደ፣ የማን ሽንት ቤት እንደተደረመሰ ታውቃለች። ጓዳ ድረስ ትገባለች፤ ፖሊስ ጓዳ አይገባም። የዚያው አካባቢ ልጅ ስለሆነች ዘመድ አላት፤ ደሞዟ ከመንግሥት ስለሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አያምኗትም። ግማሽ የራስ፣ ግማሽ የባዕድ መሆኗ ታሪኩን ይሸከመዋል።

ሌሎችም አሉ። ማር ቆራጭ ጥሩ ነው፤ ጫቃውን በሌሊት ያውቀዋል። ባሏ የሞተባት፣ ዱበርቲዎቹ (ቡና አፍልተው ዱዓ የሚያደርጉት ሴቶች) የሚሰበሰቡባት ሴትዮም ግሩም ናት። እረኛ ልጅ ግን ዋና መርማሪ ባታደርጉት ይሻላል። ለልጁ የተሻለ ሥራ አለው። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ መርማሪያችሁም ትጠይቀው። እረኛ ቀኑን ሙሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ሁሉን ያያል፣ ያየውንም ይዘፍነዋል እንጂ አይመሰክረውም። የመጀመሪያው ፍንጭ በእረኛ ግጥም ቢመጣ ደስ ይላል። ሰምና ወርቅ ያደገበት አንባቢ ወርቁን ፍለጋ ራሱ ይገባላችኋል።

ሬሳውና ቀብሩ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ነውና።

ወሎ ውስጥ ሬሳ አይቆይም። ሙስሊም ከሆነ በተቻለ ፍጥነት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ይቀበራል። ክርስቲያኑም ቢሆን ቢበዛ በማግሥቱ ነው። ቅሬው (የመንደሩ እድር) ይጠራል፣ ወንዱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሴቱ እህል ያዋጣል። ወንዙ ሞልቶ ፖሊስ በሦስተኛው ቀን ሲደርስ የሚያገኘው ትኩስ አፈር ነው። መቃብር ይቆፈር ቢባል ቤተሰቡ ይነሳል፣ መንደሩ ይነሳል። ለረጅም ዘመን አስከሬን ምርመራ ሲያስፈልግ ወደ አዲስ አበባ፣ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር የሚላከው፤ ከደሴ ብቻ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከጫቃ ዳር መንደር ደሴ ለመድረስ ራሱ ምን ያህል እንደሚፈጅ አስቡት።

እና ሬሳውን ማን አየው? ያጠበው። ያጠበው ሰው ጭንቅላቱ ከየት በኩል እንደተመታ፣ ክንዱ ላይ ሰንበር እንዳለ፣ ጥፍሩ ውስጥ ምን እንደተገኘ ያውቃል። ግን በእስልምና አጣቢ በሟቹ ገላ ላይ ያየውን ነውር መሸፈን ይጠበቅበታል። ክርስቲያን ቤት ደግሞ የንስሐ አባት አለ፤ የሰማውን አይናገርም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ፈሪዎች አይደሉም፣ ውሸታሞችም አይደሉም። ዝም ያሉት ሃይማኖታቸው ስላዘዛቸው ነው። መርማሪያችሁ የእነሱን ዝምታ ሳታስረክስ እውነቱ ጋ እንዴት ትድረስ? እኔ ብሆን ልቦለዱን ሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ አቆመው ነበር። ለምሳሌ አጣቢው ሼህ ስለ ሬሳው ምንም አይናገሩም፤ ልብሱን ግን «ይሄን ለቤተሰቡ አድርሽልኝ» ብለው ይሰጧታል። ልብሱን ተሸክማ ስትሄድ ትመለከተዋለች።

መርዝ ለምን አይሆንም ካላችሁ፣ ይሆናል። ኮሶ አለ፣ አስተናግር አለ። ግን የሚመረምረው ላቦራቶሪ ስለሌለ ፍንጩ ከሰው አፍ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ለጀማሪ አልመክርም።

ፍንጭ ከአገሩ ይውጣ

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የደን ጠባቂው ጠዋት ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። መንደሩ ሁሉ «ማታ በጉም ተንሸራቶ ነው፣ የአላህ ሥራ ነው» አለ። እናንተ ግን እውነቱን ታውቃላችሁ፤ ማወቅም አለባችሁ። ከአንደኛው ምዕራፍ በፊት፣ ለማንም የማታሳዩት አንድ ወረቀት ላይ፣ በትክክል የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፉት። ማን፣ የት፣ በምን፣ ለምን፣ ከዚያ ወዴት ሄደ፣ ልብሱን የት ቀየረ፣ ማን አየው፣ ያየው ለምን ዝም አለ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ምስክር ለየብቻ ትመለስ።

በኛ ምሳሌ ጠባቂው የሞተው ሌላ ቦታ ነው። ጫቃው ውስጥ ጽድ በሌሊት ሲቆረጥ ደረሰ፣ ተመታ፣ ሞተ። ሬሳው ንጋት ላይ ተወስዶ ገደሉ ሥር ተጣለ። ታዲያ አገሩ ይሄን እንዴት ይናገራል?

አንደኛ ጅብ። ጅብ በሚዞርበት አገር ሬሳ ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ተኝቶ ሳይነካ አያድርም። ጠባቂው ግን ጣቱ እንኳ አልተነካም። ይሄን ሁሉም አይቷል። «ጅብ እንኳ አከበረው» ተብሎ ለቅሶ ላይ ተለቅሶለታል፤ ሙሾ አውጪዋ በዜማ ብላዋለች። አንባቢውም አብሮ አልቅሶ ያልፋል። ፍንጭ የሚደበቀው እንዲህ ነው፤ ፊት ለፊት፣ በዕንባ ውስጥ።

ሁለተኛ ዝናብ። ሌሊቱን ዘንቧል። ሼሁ የሰጧት ጋቢ ጀርባው ላይ ጭቃ አለው፣ ትከሻው ግን ደረቅ ነው። ደግሞ ይሸታል። አፍንጫዋ ጋ ስታስጠጋው አዲስ የተፈለጠ ጽድ ነው የሚሸተው። ጠባቂው መጥረቢያ አልያዘም፤ ገደሉ ሥርም ጽድ የለም።

ሦስተኛ ጭላዳ። ጭላዳ ማታ ገደል ላይ ያድራል፣ ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር ይግጣል። እረኛው ልጅ ያን ጠዋት መንጋው በለመደው በኩል እንዳልወጣ፣ ዞሮ በማዶ በኩል እንደወጣ አይቷል። ንጋት ላይ ገደሉ አጠገብ ሰው ነበር ማለት ነው። ልጁ ግን ይሄን የሚያወራው ሌላ ነገር ለማማረር ነው፤ በጎቹ ጭላዳ የለቀቀው ሜዳ ላይ ገብተው እሱ ስለተገረፈ።

ሦስቱንም ከመጽሐፉ አንድ ሦስተኛ ሳያልፍ አስቀምጧቸው። አንባቢው ያላየውን ነገር መጨረሻ ላይ ከኪስ አውጥቶ ማሳየት ማጭበርበር ነው። ሁሉም ነገር አንባቢው ዓይን ሥር መሆን አለበት፤ ብቻ ሌላ ነገር መስሎ።

ቀኑንም ተጠቀሙበት። በ21፣ በማርያም ቀን፣ ከጫቃ የመጥረቢያ ድምፅ ከተሰማ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ቀና ያደርጋሉ። በዚያ ቀን ክርስቲያኑ እንጨት አይፈልጥም። ሙስሊሙ ጎረቤትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ያከብርለታል። አንባቢው ወዲያው «እንግዲያው ሙስሊም ነው» እንዲል ልትገፋፉት ትችላላችሁ፤ እባካችሁ ግን እዚያ አታቁሙት፣ መልሱም ያ አይሁን። ወሎ ሃይማኖት ከሃይማኖት የተጋባበት፣ አብሮ የሚቀብርና አብሮ የሚድር አገር ነው። ሃይማኖትን የግድያ ምክንያት አድርጎ መጻፍ አገሩን አለማወቅ ነው። ከልቤ ነው የምለው፣ ጉዳትም አለው።

ምክንያቱ

ግድያ ሁለት ምክንያት ይኑረው። አንዱ የሚታይ፣ አንዱ የተቀበረ።

የሚታየው እዚህ ላይ እንጨቱ ነው። ጽድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለምሰሶም ለአጥርም ይፈለጋል፣ ዋጋ አለው። ወይራም ከሰል ይሆናል። ስለዚህ አንባቢው «የእንጨት ሌቦች ናቸው» ብሎ ይያዝ።

የተቀበረው መሬት ቢሆን እመርጣለሁ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ብዙ ሰው ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ መተከል በሰፈራ ተወስዷል። ቤተሰብ ተለያየ። ሞተ የተባለ ሰው ነበር፤ መሬቱ ለወንድም ተላለፈ፤ በኋላ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ በወንድም ስም ወጣ። አሁን የዚያ ሞተ የተባለው ሰው ልጅ ድንገት መጥቶ ወይም በስልክ ተገኝቶ «አባቴ አልሞተም ነበር» ቢልስ? ጠባቂው ይሄን ሰምቶ ቢሆንስ? የቅሬው ሰብሳቢ፣ ሁሉ የሚያከብረው፣ ቀብሩን ራሱ የመራው፣ ለጠባቂው ልጆች እህል ያዋጣው ሰው፣ ያ ወንድም ቢሆንስ? እንጨቱን የሚያስቆርጠው ለዚያ ለመጣው ልጅ አፉን የሚዘጋበት ብር ለማግኘት ቢሆን ሁለቱ ምክንያቶች ተጋጠሙ።

ገዳዩን ሰው አድርጉት። የገደለው ያባቱን ርስት ላለማጣት፣ ልጆቹን ላለመበተን ነው። አንባቢው ሲያገኘው ልቡ ደንገጥ ይበል።

ተጠርጣሪ አታብዙ፤ አምስት ስድስት ይበቃል። ለሁሉም ግን የሚደብቁት ነገር ስጧቸው። አንዱ ማታ የነበረው ሌላ ሴት ቤት ነው፣ አንዷ ልጇ ከሳዑዲ የላከችውን ብር ለባሏ አልተናገረችም፣ አንዱ ከሌላው ቀፎ ማር ሰርቋል። የግድያው ዝምታ እነዚህ ትናንሽ ዝምታዎች ውስጥ ይደበቃል።

ጥያቄ ሲጠየቅ

ንግግር ላይ አደራ። መርማሪዋ «ማታ የት ነበሩ?» ብላ ፊት ለፊት ከጠየቀች ያን ቤት ሁለተኛ አትገባም። ነገሩ በዙሪያው ነው የሚኬድበት። ታላቅን በአንቱታ ትጥራ፤ እትዬ፣ አያ፣ ሼህ፣ አባ ትበል። እነሱ ደግሞ «ልጄ»፣ «አንች» ይበሏት። የወሎን «ኸ» አንዳንድ ቦታ ጣል አድርጉ እንጂ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ አትሙሉት፤ አንባቢ ይደክመዋል። እንዲህ፦

«እትዬ፣ ጀበናው ዛሬ እንዴት ደስ ይላል። ያን ለትም እንዲህ ሞቅ ብሎ ነበር አሉ።»

«ሞቆ ነበር ልጄ። ሰው ሞልቶ።»

«አያ ይመርም መጥተው ነበር?»

«መጣ። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናውንም ጠጣ።»

«በረካውንስ?»

እትዬ ረከቦቱን በጨርቅ ጠረግ አደረጉ። ቄጤማውን በእግራቸው ሰብሰብ። «ቀጠነብኝ መሰለኝ ያን ለት። አንድ ስኒ ተረፈኝ።»

«ለማን ነበር የቀዱት?»

«አንች ደሞ! ለአድባሩ ነው የምለው ሰው ሲጠይቀኝ።» ትንሽ ዝም አሉ። «ኸኔ ቤት ሲወጣ ደህና ሰው ነበር።»

አያችሁ? እትዬ አልዋሹም። ይመር በረካ ሳይጠጣ ወጣም አላሉም። ግን ስኒው ተቀድቶ ተርፏል። የመጨረሻዋም ቃል ያልተጠየቀ መልስ ናት፤ «ደህና ሰው ነበር» ማለት ምን ማለት ነው? ማን ደህና አይደለም አለ? መርማሪዋ እዚህ ላይ ደብተር አታውጣ። ስኒዋን ትመልስ፣ ትመረቅ፣ ትውጣ። አንባቢው በራሱ ይቁጠረው።

መግለጫው

ገዳዩን ለመግለጥ ሁሉንም ተጠርጣሪ ሳሎን ሰብስቦ ንግግር ማድረግ ለኛ አይሆንም። ደግሞም የራሳችን አለን። ዘመናዊ ፖሊስ ሳይመጣ በፊት ወንጀለኛው ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሁሉም በመሐላ ያወቀውን እንዲናገር ይጠየቃል፣ ሌባው ካልወጣ አገሩ በጋራ ይከፍላል። ይሄ ማለት ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው። ዛሬ ያ ሥርዓት በሕግ ቦታ የለውም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ያስታውሱታል። የቅሬ ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት «በድሮው ቢሆን…» ብለው ቢጀምሩና ሜዳው ጸጥ ቢል፣ መርማሪያችሁ መናገር እንኳ ላያስፈልጋት ይችላል። አንዱ ስለ ጅቡ ያነሳል፣ አንዱ ስለ ጭላዳው፣ እትዬ ስለ ስኒው። ሁሉም ቁራጩን ያዋጣል። እሷ ያደረገችው ማን ከማን ቀጥሎ እንዲናገር ማመቻቸት ብቻ ነው። ይሄ ከየትኛውም የመርማሪ ንግግር ይበልጣል።

ሕጉንም አትርሱት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ግን አይቆጠርም። ወንዝ ለሞላበት መንደር ይህቺ አንቀጽ ትልቅ ነገር ናት። ገዳዩ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በሚሊሻ ተጠብቆ የሚያድርባት ሌሊት አለች። ማን ምግብ አመጣለት? ማን መጥቶ አለቀሰ? ከቻላችሁ ለዚያች ሌሊት ሙሉ ምዕራፍ ስጧት።

ፍርድ ቤትም ነገሩን አይጨርሰውም። ደም አለ። የሟች ወንድሞች አሉ። ወሎ ውስጥ ደም የሚያስታርቅ ሰው አለ፤ በቆላማው በኩል አበጋሮች፣ ራያ ቆቦ በኩል ዘወልድ፣ ሌላውም ጋ የአገር ሽማግሌ። እርቁ ካልተጻፈ አንባቢው «ደሙስ?» ይላችኋል፣ ልክም ነው። የገዳዩ ሚስትና ልጆች መንደሩ ውስጥ ይቆዩ ወይስ ይሂዱ? መርማሪዋ በማግሥቱ የገዳዩን ሕፃን ልታስከትብ ያን ቤት ትገባለች ወይስ ታልፈዋለች? እኔ ትግባ እላለሁ። እንዴት እንደምትገባና ሚስትየዋ መደብ ታንጥፍላት አታንጥፍላት የእናንተ ውሳኔ ነው፤ ግን ጻፉት፣ አትዝለሉት።

ከመጨረሳችሁ በፊት

ረቂቁን ከመግለጫው ምዕራፍ በፊት ቁረጡና ሁለት ዓይነት ሰው ይነብበው። አንዱ ወሎ ያደገ፣ አንዱ ወሎን የማያውቅ። ሁለቱንም «ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ለምን እንዳሉም ይንገሯችሁ። ወሎዬው ገና ለቅሶው ላይ በጅቡ ከነቃባችሁ ሙሾውን አርዝሙት፣ ዕንባውን ጨምሩ። የማያውቀው ሰው ደግሞ በረካ ምን እንደሆነ ካልገባው ከዚያ በፊት ባለ ሌላ ምዕራፍ፣ ከግድያው ጋር በማይገናኝ ቡና ላይ፣ ሦስቱን ስኒ በደንብ አጠጡት። ሁለቱም ገዳዩን በትክክል ጠርተው በፊቱ አኳኋን ወይም በክፋቱ ነው ያወቅነው ካሏችሁ ግን ሰውዬውን እንደገና ጻፉት፤ ቅሬውን የሚመራው፣ እህል የሚያዋጣው እጁ ከልቡ ይሁን።